ከጀርባ በርበሬው፣ ከፊት ሰዎቻችን

በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ይዘን የቀረብነው የወሩን ገቢና ወጪ አይደለም። እሱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጥያቄ ያላችሁ ከቡናው በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን የምናነሳው የድረ ገጻችንን ጉዳይ ነው። «የሂሳብ ሰዎች በፎቶና በቀለም ምን አገባቸው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። በሁለት ነገር ያገባናል። አንደኛ፣ ገጹን ለሠራው ወጣት የሚቀረውን ግማሽ ክፍያ የምናዘጋጀው እኛ ነን። ከመክፈላችን በፊት ምን እንደተረከብን ማወቅ አለብን። ሁለተኛ፣ ድረ ገጽ እንደ ማንኛውም ነገር ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ዛሬ በተለይ ልናስረዳችሁ የፈለግነው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የቀረበልንን ንድፍ ሁላችሁም አይታችሁታል። መላውን ስክሪን የሚሞላ አንድ ትልቅ ፎቶ ነው። ከፊት የተሰጣ በርበሬ አለ፤ ከበርበሬው ኋላ ነጭ ነጠላ የለበሱ ስምንት አባሎቻችን ተደርድረው ቆመዋል። በፎቶው ላይ በነጭ ፊደል የማህበሩ ስም ተጽፏል። ከሥሩ የሽሮ፣ የበርበሬ፣ የዳቦ ቆሎና የስፌት ዋጋ፣ በመጨረሻም የማዘዣ ስልክ ቁጥር አለ። በቢሮው ኮምፒውተር ሲታይ እልል ያላችሁ ነበራችሁ። ፎቶው በእርግጥ ያምራል፤ ወጣቱም ለፍቶበታል። እኛም «ይነሳ» አንልም። የምንለው የጀርባ ፎቶ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ተረድተን እንወስን ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ክብደት ነው።

ፎቶ በዓይን ሲታይ ክብደት የለውም፤ በስልክ መስመር ሲጓዝ ግን እንደ ጤፍ ይመዘናል። በተለምዶ «ሜጋ» የምንለው ሜጋባይት መመዘኛው ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ የሚያነሳው ፎቶ በወርዱ 4,000፣ በቁመቱ 3,000 ነጥብ አለው። ሲባዛ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። ነጥቡን ባለሙያዎች ፒክስል ይሉታል። ዋጋው መለስተኛ የሆነ ስልክ ስክሪኑ በወርዱ ብዙ ጊዜ 720 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከላክንለት ነጥብ አብዛኛውን ተቀብሎ ይጥለዋል። አንድ ኪሎ ሽሮ ለጠየቀ ሰው ኩንታል አሸክሞ «የተረፈህን መንገድ ላይ ድፋው» እንደማለት ነው።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። በንድፉ ላይ ያለው ፎቶ 4 ሜጋባይት ይመዝናል። አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት 4 ሜጋ ከፓኬጁ ላይ ይቀነሳል። በወር 500 ሰው ቢከፍተው 2,000 ሜጋ፣ ማለትም 2 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ይህ ወጪ በእኛ መዝገብ ላይ የትም አይገባም። ደረሰኝ የለውም፤ ኦዲተርም አይጠይቀንም። ግን ተከፍሏል፤ የከፈሉት ደንበኞቻችን ናቸው።

ጊዜውንም እንቁጠር። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 4 ሜጋባይት ለመውረድ 32 ሰከንድ ይፈጃል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ በርበሬ ልታዝ የከፈተች ሴት 32 ሰከንድ ትጠብቃለች? ትዘጋዋለች። ሱቃችን በር ደርሶ የተመለሰ ሰው ቢኖር ቢያንስ ሲሄድ እናየዋለን፤ እንጠራዋለን። ይህቺን ግን አናያትም። መጥታ እንደነበርም አናውቅም።

«እኛ ስንከፍተው ወዲያው ይመጣል» ያላችሁን አላችሁ። እውነት ነው። ስልክ አንዴ ያወረደውን ፎቶ ለጊዜው ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ ስንከፍተው ከራሱ ጓዳ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ገጹን ደጋግመን የከፈትነው እኛ ለምስክርነት አንበቃም። ትክክለኛው ምስክር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በራሱ ካርድ፣ ከቤት ውጭ የሚከፍተው ሰው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ማህበራችንን ያቆመው ይህ አነጋገር ነው፤ ሸክሙን ተከፋፍለነው ጌጥ ሆኖልናል። በዚህ ፎቶ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጌጡ ለእኛ ለሁላችን ይሆናል፤ ሸክሙ ብቻዋን ስልኳን ለያዘች እንግዳ ይተርፋታል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ፎቶው ገጹ ላይ ከመጫኑ በፊት ይነስ። ለኮምፒውተር በወርዱ 1,600 ነጥብ፣ ለስልክ ደግሞ በወርዱ 720 ነጥብ የሆነ ሌላ ቅጂ ይዘጋጅ። ገጹ የስክሪኑን ስፋት አይቶ ተስማሚውን እንዲጠራ ማድረግ ይቻላል። የተለመደው የፎቶ ዓይነት ጄፔግ ነው፤ ጥራቱን ከ100 ወደ 70 ዝቅ ቢያደርጉት ከጀርባ ላለ ፎቶ ልዩነቱ በዓይን እምብዛም አይለይም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ዌብፒ የሚባል ዓይነትም አለ። ጉግል እንደሚለው በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ይቀላል። እኛ የምናቀርበው ጣሪያ ለኮምፒውተር 300 ኪሎባይት፣ ለስልክ 100 ኪሎባይት ነው። በ100 ኪሎባይት ሲሰላ 500 ሰዎች በስልክ ቢከፍቱ 2,000 የነበረው ወደ 50 ሜጋ ይወርዳል። 32 ሰከንድ የነበረውም ከአንድ ሰከንድ በታች ይሆናል። በአርባ እጅ ቀነስን ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቁጠባ በየትኛውም የወጪ አርእስት ላይ አግኝተን አናውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊደሉ ነው።

ፎቶው እስኪደርስ ድረስ ገጹ ምን እንደሚመስል እናስብ። ምንም ካልታዘዘ ብሮውዘር የገጹን ጀርባ ነጭ ያደርገዋል። የእኛ ጽሑፍም ነጭ ነው። እንግዳዋ ባዶ ነጭ ገጽ ታያለች፤ ስማችንም፣ ዋጋውም፣ ስልክ ቁጥሩም እዚያው አለ፣ ግን ነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ጠመኔ እንደተጻፈ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ከፎቶው ሥር ጥቁር ቀይ ቀለም ይቀመጥ። ፎቶው ቢዘገይም፣ ጨርሶ ቢቀርም ጽሑፉ ይነበባል። ሰርግ ቤት ድንኳኑ እስኪመጣ እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቆምም፤ ቢያንስ ጥላ ይፈለግለታል።

ፎቶው ከደረሰ በኋላስ? ነጩ ጽሑፍ በርበሬው ላይ ሲያርፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ወደ ነጠላው ሲደርስ ግን ይጠፋል፤ ነጭ በነጭ ላይ ነውና። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ለዚህ ቁጥር አስቀምጧል። በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ፊደሉ ትልቅ ከሆነ 3 ለ1 መሆን አለበት። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ነጭ በነጭ 1 ለ1 ነው፤ ማለትም ምንም።

የተለመደው ዘዴ በፎቶውና በጽሑፉ መካከል ስስ ጥቁር መጋረጃ መጣል ነው። እዚህም ሂሳብ አለ። መጋረጃው ግማሽ በግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶ ቢሆን፣ ንጹህ ነጭ በሆነው ነጠላ ላይ ያረፈ ነጭ ጽሑፍ 4 ለ1 እንኳ አይሞላም። ወደ 60 በመቶ ከፍ ሲል 5.7 ለ1 ይደርሳል፤ መስፈርቱን ያልፋል። ግን ልብ በሉ፤ 60 በመቶ ጥቁር ስንጥል የምናጨልመው ጨርቁን ብቻ አይደለም። የእህቶቻችንንም ፊት ነው።

ይህ በእኛ ፊደል ላይ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ጭረት ነው። ሉ እና ሊ የሚለያዩት ጭረቷ እግሩ ወገብ ላይ ወይም እግሩ ጫፍ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። «ክፈሉ» እና «ከፈሉ» ብለን ብንጽፍ፣ አንዱ ትእዛዝ ነው፣ ሌላው ምስክርነት ነው። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ፊደል ላይ ያለች አንዲት ምልክት ናት። በሂሳብ ቤት በዚህች ምልክት ሰው ይጣላል! ከሥሯ የበርበሬ ዘለላ፣ የነጠላ ጥለት፣ የሰው ጣት ሲደራረብባት ምልክቷ ትዋጣለች። መነጽር ለሚያደርጉ እናቶቻችን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ስለዚህ ዋጋና ስልክ ቁጥር ፎቶ ላይ አይጻፍ። ፎቶው ላይ የማህበሩ ስም ብቻ በትልቁ ይኑር፤ ዋጋው ከፎቶው በታች ባለ አንድ ወጥ ቀለም ላይ በጥቁር ፊደል ይቀመጥ።

በዚሁ ላይ ሌላ ነገር እንጨምር። ጽሑፉን ፎቶው ውስጥ አትሞ አንድ ምስል አድርጎ መጫን የሚቀናቸው አሉ፤ እንደ ሰርግ መጥሪያ ካርድ ማለት ነው። ይህ አይበጀንም። ስልኩን ነክታ ቀጥታ ልትደውል የፈለገች ደንበኛ ምስል ውስጥ ያለ ቁጥር አይደወልላትም። ዓይነ ስውር የሆነች እህታችን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብላት ስልክ ብትከፍተው ዋጋው አይነበብላትም። የበርበሬ ዋጋ በጨመረ ቁጥርም ፎቶውን እንደገና ማሠራት ሊኖርብን ነው። የበርበሬ ዋጋ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ደግሞ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ሦስተኛው ጉዳይ መቆረጥ ነው።

በሲ ኤስ ኤስ፣ ማለትም የገጽን መልክ በሚያዝዘው ቋንቋ፣ የጀርባ ፎቶን ልክ የሚወስኑ ሁለት የተለመዱ ትእዛዞች አሉ። አንዱ «ኮንቴይን» ይባላል፤ ፎቶውን ሙሉውን ያሳያል፣ ግን ዙሪያው ባዶ ቦታ ሊተርፍ ይችላል። ሌላው «ከቨር» ይባላል፤ ቦታውን ጥግ እስከ ጥግ ይሞላል፣ የተረፈውን የፎቶ ክፍል ግን ይቆርጣል። በንድፋችን ላይ የታዘዘው «ከቨር» ነው። ኮምፒውተር ወርዱ ሰፊ ስለሆነ በወርድ የተነሳው ፎቶ ደህና ይገጥመዋል። ስልክ ግን ቁመታም ነው። 720 በ1,600 የሆነ ስክሪን ከላይ እስከ ታች ሲሞላ ከፎቶው ወርድ የሚታየው 34 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሲሦው ማለት ነው። ግራና ቀኙ ይሄዳል።

ግራና ቀኙ ማን ነው? ቆጠርናቸው። ከስምንቱ እህቶቻችን በስልክ ላይ የሚተርፉት መሃል ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አምስቱ የሉም። ከጫፍ ከቆሙት አንዷ ማህበሩን ከመሠረቱት እናቶቻችን አንዷ ናቸው፤ «እናንተ ልጆች መሃል ግቡ» ብለው እሳቸው ዳር ቆሙ። ሰው ፎቶ ሲነሳ ዳር የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ትሑቱ ነው። መሣሪያው ይህን አያውቅም፤ ዳር ያለውን ይቆርጣል። የልጅ ልጃቸው አረብ አገር ሆና በስልኳ ከፍታ «አያቴስ የት አለች?» ብትል ምን እንመልሳለን?

አራተኛው ጉዳይ ፈቃድ ነው።

ንድፉ ከታየ በኋላ ከስምንቱ አንዷ እህታችን ወደ ቢሮ መጣች። «ፎቶው ለቢሮው ግድግዳ ነው ብዬ ነው የቆምኩት። ዓለም እንዲያየኝ አልፈልግም» አለችን። ምክንያቷን አልጠየቅናትም። ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ ኑሮን እንደገና መጀመር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን የግል መረጃ ለመጠቀም ፈቃዱ ትልቅ ቦታ እንዳለው ያስገነዝባል። አዋጅ ባይኖርም ደግሞ የማህበራችን መተዳደሪያ መከባበር ነው። አንድ ሰው ገጹ ላይ ፊቱ እንዲወጣ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ሐሳቡን ሲቀይርም ይውረድለት። ፈርሚ የተባለችውም አንብባ፣ ማንበብ የማትችልም ከሆነች ተነቦላት ይሁን።

እንግዲህ አራቱን ጉዳዮች አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ታየን። የጀርባ ፎቶ ማለት የሚጨልም፣ የሚቆረጥ፣ ጽሑፍ የሚጻፍበት፣ መስመር ሲደክም የሚቀር ፎቶ ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው እነዚህን ነገሮች በምን ላይ ብናደርግ ቅር አይለንም የሚለው ነው። በርበሬ ቢጨልም አይከፋውም። ቢቆረጥም ዳር ያለው በርበሬና መሃል ያለው በርበሬ አንድ ነው። ጽሑፍ ቢጻፍበት ጥቁር ቀይ ስለሆነ ነጩን ፊደል ይሸከማል። ፈቃድም አይጠየቅም። ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው ጨልሞ፣ ተቆርጦ፣ ግንባሩ ላይ ዋጋ ተጽፎበት የጀርባ ጌጥ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1. ለጀርባ የሚሆነው ፎቶ የተሰጣው በርበሬ ብቻ ይሁን። ቢፈለግ በርበሬውን የሚያገላብጡ እጆች መሃል ላይ ይኑሩበት፤ ፊት ግን አይኑርበት።

2. ክብደቱ ለኮምፒውተር ከ300፣ ለስልክ ከ100 ኪሎባይት አይለፍ፤ ከሥሩ ጥቁር ቀይ ቀለም ይቀመጥ።

3. በፎቶው ላይ የማህበሩ ስም ብቻ ይጻፍ። ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና የአከፋፈል መንገድ ከፎቶው በታች፣ ባልተዥጎረጎረ ጀርባ ላይ፣ ሲነኩት የሚደወል ጽሑፍ ሆነው ይቀመጡ። የገጹ ሙሉ ርዝመት በፎቶ አይሸፈን፤ በስልክ ስክሪን ላይ ፎቶው ግማሹን ይያዝ፣ ዋጋው ሳይፈለግ ይታይ።

4. የአባሎቻችን ፎቶ «ስለ እኛ» በሚለው ክፍል ውስጥ፣ ጀርባ ሳይሆን ራሱን የቻለ ፎቶ ሆኖ፣ ሳይቆረጥና ሳይጨልም ይውጣ። ፈቃደኛ የሆኑት እንደገና አብረው ይነሱ፤ ከሥሩ ማን ምን እንደምትሠራ ይጻፍ። ራሱን የቻለ ፎቶ ሲሆን ማየት ለማትችል እህት በድምፅ የሚነበብ መግለጫ ሊያያዝለት ይችላል፤ የጀርባ ፎቶ ግን በሲ ኤስ ኤስ ሲታዘዝ ይህ ቦታ የለውም።

5. ርክክብ የሚደረገው ገጹ ከአባላት መካከል በሦስት ርካሽ ስልኮች፣ ከዚህ በፊት ገጹን ከፍተው በማያውቁ፣ ከቢሮው ዋይፋይ ውጭ ተሞክሮ ሲያልፍ ነው። ክፍያውንም ያኔ እንፈጽማለን።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነግረነዋል፤ በቅንነት ተቀብሎታል። አብዛኛው ማስተካከያ የጥቂት ሰዓታት ሥራ መሆኑን ነግሮናል፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቀም። የሚቀረው የእናንተ ውሳኔ ነው።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ለአንድ ፎቶ?» ትሉ ይሆናል። እኛ በየወሩ መዝገብ ስንዘጋ አንዲት ብር ስትጎድል እስክትገኝ አንነሳም። ብሯ ትልቅ ሆና አይደለም። የአንዲት አባል መዋጮ ስለሆነች ነው። ገጻችን ላይም የምትጎድል እህት፣ ወይም ሳታነበን የምትመለስ ደንበኛ ካለች፣ ሂሳቡ አልተዘጋም።

አሁን ሐሳብ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።